የደም ደንበኛ

ዶሮ ማረድ የማልችል ወንድ ነኝ። በዓመት በዓል ቢላ መያዝ የወንድ ሥራ በሆነበት ቤት ላደገ ሰው ይህን መናገር ቀላል አለመሆኑን የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ ዶሮውን ሲያነሣ እኔ ሁልጊዜ ሱቅ እላክ ነበር፤ ማንም ሳይልከኝ። ካገባሁም በኋላ በየበዓሉ ዋዜማ የጎረቤት ልጅ እየለመንኩ አሳርድ ነበር፤ ሚስቴ ለሰው ሳታወራ ገመናዬን ሸፍናልኛለች። አሜሪካ ስመጣ ከዚህ ጣጣ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ ግን ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ተጠራርተው ገጠር ወዳለ እርሻ ይነዱና በግ ጥለው ይመጣሉ። አብሬያቸው ሄድኩ። በጉ ሲጣል መኪና ውስጥ ገብቼ ስልክ የማወራ መስዬ ተቀመጥኩ። ሥጋው ሲከፋፈል ግን ማንም አልቀደመኝም።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በዚያው በጾሙ ሰሞን መጋረጃውን ዘግቶ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ሰው ሲታረድ ሲያይ የከረመው። ሥጋና ወተት አልነካሁም። ዓይንም እንደሚጾም ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ሪሞቱን ስይዝ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ጠዋት ቤት ስደርስ ሚስቴ ወደ ሥራ፣ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ሊወጡ ይጣደፋሉ። እነሱን ሸኝቼ ቀጥ ብሎ መተኛት አይሆንልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሰክሮ የገባውን፣ ቁልፍ የጠፋበትን፣ ክፍሉ የሸተተውን እንግዳ ሳባብል አድሬ ጭንቅላቴ አልበርድ ይላል። ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። አገር ምድሩ ቁርሱን በሚበላበት ሰዓት እኔ ደም አያለሁ ማለት ነው።

አጀማመሩ ንጹሕ ነበር። የፖሊስ ፊልም ነው። አስከሬኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይታያል፤ መርማሪው ቡናውን ይዞ ከጎኑ ይቆማል፤ ከዚያ ምርመራው ይቀጥላል። ቀጥሎ ባየሁት ተከታታይ ጨርቁ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በመጣው ደግሞ ሰውየው እንዴት እንደተገደለ ከነዝርዝሩ አሳዩኝ። ማንም አላስገደደኝም። ማሽኑ የጨረስኩትን እያየ የሚጨረሰውን ያቀርብልኛል፤ እኔ ደግሞ የቀረበልኝን ሳልጨርስ የምነሣ ሰው አይደለሁም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል። ድሮ አዲስ አበባ «ገመና» የተባለውን ድራማ ስንከታተል ሳምንት ሙሉ እንጠብቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ እገሊት ተበደለች፣ እገሌ የእጁን ያገኛል እየተባለ፤ ሰው የሌለ ገጸ ባሕርይ አዝሎ ይዞራል። አሁን የሞተው ሰው ሬሳ ሳይበርድ ሌላ ሰው ይሞታል። የሚጠበቅብኝ አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ተክኜበታለሁ።

«ስኩዊድ ጌም» እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ሲወጣ በሥራ ቦታ ያላየው ሰው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 142 ሚሊዮን ቤተሰብ እንደተመለከተው ኔትፍሊክስ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ አቆጣጠራቸው ሁለት ደቂቃ የቆየ ሰው እንዳየ ይቆጠር ነበር። እኔ እንኳን ሁለት ደቂቃ፣ ለሽንትም አልተነሣሁም። ታሪኩን ያላየ ካለ፦ ዕዳ ያሰመጣቸው 456 ሰዎች ኮርያ ውስጥ የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይገደላል። በአንድ ሰው ሞት 100 ሚሊዮን ዎን ከጣሪያው በተንጠለጠለው የመስታወት አሳማ ውስጥ ይጨመራል። በመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ ከግማሽ በላይ ያልቃሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲረግፍ ፈንዲሻ እየበላሁ ነበር። ማጋነን አይደለም፤ ሚስቴ ማታ ለቡና አፈንድታው የተረፈ ፈንዲሻ ነው።

አንድ ክፍል ግን ያዘኝ። ስድስተኛው ነው፤ ብይ የሚጫወቱበት። እኔም የብይ ልጅ ነኝ፤ የኪሴ ጨርቅ በብይ ብዛት ተቀዶ እናቴ ስትጥፍልኝ ነው ያደግኩት። በዚያ ክፍል ሽማግሌው የመጨረሻዋን ብዩን ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛው ፊቱን አዙሮ እያለቀሰ ይሄዳል፤ ተኩሱ ከጀርባ ይሰማል እንጂ አይታይም። ዘጠኙንም ክፍል አይቼ ያለቀስኩት እዚያች ጋ ብቻ ነው። ያኔ ቆም ብዬ፣ ያላሳዩኝ ሞት ካሳዩኝ ሁሉ ለምን በለጠብኝ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ቀጣዩ ክፍል ጀምሮ ነበር።

ሚስቴ ስትቆጣኝ መልስ አላጣም ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ሁዋንግ ዶንግ ህዩክ ታሪኩን የጻፈው ራሱ ገንዘብ አጥቶ በተቸገረበት ዘመን እንደሆነ፣ አሥር ዓመት ገደማ ማንም አልሠራም ብሎት እንደቆየ፣ ሲሠራው በጭንቀት ስድስት ጥርስ እንደረገፈበት አንብቤ ነበርና፣ «ይሄ እኮ ስለ ድህነት ነው፤ ስለ እኛ ስለ ዕዳ ሰዎች ነው» እላታለሁ። የክሬዲት ካርድ ዕዳዬን እያሰብኩ። ጥበቡ አይካድም። ችግሩ እኔ ያን ክርክር ለሌላውም ቆሻሻ ሁሉ መሸፈኛ ማድረጌ ነው። የሁዋንግን ስድስት ጥርስ ስንት ተራ የግድያ ፊልም እንዳሳለፍኩበት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሄድኩባት። «ሰማዕታቱ ሲቆራረጡ ተስሎ የለም እንዴ? ጊዮርጊስ አጥንቱ ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ ላይ ሲበተን በገድሉ ይነበብ የለም? ሲኦሉስ? ልጅ ሆነን እያየን አይደል ያደግነው?» አልኳት፤ የረታኋት መስሎኝ።

ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞርም አላለች። «እሱን ያየ ሰው ተሳልሞ ይወጣል» አለችኝ። «አንተ ፈንዲሻ ይዘህ ነው የተቀመጥከው።»

ራሴን የምመረምርበት መንገድም የሞኝ ነበር። ጭካኔ ማየት ጨካኝ ያደርጋል ወይ ብዬ እጠይቅና ወደ ራሴ እመለከታለሁ፦ ሰው አልመታሁም፤ ዶሮ እንኳን አላርድም። ተመስገን፤ ደህና ነኝ። ኋላ ላይ ጆርጅ ገርብነር ስለተባለ፣ ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ስላስተማረ ምሁር አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቴሌቪዥንን ግድያና ድብደባ ሲያስቆጥር የኖረ ሰው ነው። እሱን ያሳሰበው ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ገዳይ መሆኑ ሳይሆን፣ ዓለም ሁሉ ከእውነቱ ይልቅ የከፋች መስላ እንድትታየው መደረጉ ነው። ይህን ሳነብ በራችን ላይ ያስገጠምኩት ሁለተኛ ቁልፍ ትዝ አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አሮጊቶች ውሻ እየጎተቱ በሚንሸራሸሩበት ሰፈር፣ ከመኪናዬ እስከ በሬ በጥድፊያ የምሄደው ለምን እንደሆነ የዚያን ዕለት ገባኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አቋሜ አልተነቃነቀም። የነቀነቁኝ አማቴ ናቸው።

ሁለተኛ ልጃችን ሲወለድ ሚስቴን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። በሶውን፣ ገብሱን፣ ቅቤውን፣ አብሹን ተሸክመው። ገንፎው ጠዋት ይገነፋል፤ ሚስቴ በልታ ትተኛለች፤ እሳቸው ሕፃኑን አቅፈው ሳሎን ይቀመጣሉ። እኔ ከሥራ ስመለስ ቦታዬ ተይዟል። ለጥቂት ቀን እንደምንም ተቻቻልኩ። ከዚያ ሱሱ ሲያሸንፈኝ «እማማ፣ ትንሽ ፊልም ቢከፈት ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ ክፈት ልጄ፣ ቤትህ አይደል» አሉ። የዕፅ ነጋዴዎች ተከታታይ ነበር፤ የት እንደምገኝ ረስቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ጀግናው በአንድ ትልቅ ግቢ በር ይገባል። በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ይገድለዋል። ወደ ውስጥ ያልፋል።

«ይሄኛው ማነው?» አሉ አማቴ።

«ዘበኛ ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ዘበኛ ነው። የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም። ታሪኩ ውስጥ የለም።»

«ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም። በሩ ላይ ቆሞ ነው።»

ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩት። «በር ላይ መቆም ነው ጥፋቱ? እንጀራው አይደለም እንዴ? አንተስ ሌሊት የምታድረው እንደሱ አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጀግና በሆቴላችን በር ቢገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። በስተኋላ ፊልሙን የሚያይ ሰው ስለ እኔ ምንም አያውቅም፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የወደቀ ሸሚዝ ለባሽ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም። ለእያንዳንዱ ሬሳ ጥያቄ አላቸው። ሚስት አለው? ሬሳውን ማን አነሣው? ቀበሩት? ለቅሶ ተቀመጡ? እኔም እንደ ተማሪ «አላሳዩም»፣ «አላሳዩም» እያልኩ እመልሳለሁ። ጥያቄውን ሲተዉ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ማለት ጀመሩ፤ አንዱ በወደቀ ቁጥር። ጀግናው መትረየስ ያነሣ ጊዜ አልደረሱበትም። «ኧረ ይሄስ ጉሮሮ ያደርቃል» ብለው ተዉት። ቀጥለው ያሉኝ ነገር አስቂኝም አሳዛኝም ነበር፦ «ሰው የሞተበት ቤት ለቅሶ የሚቀመጥበት ፊልም የለህም?»

ፈለግኩላቸው። እስቲ እናንተም ፈልጉ። ሰው በሰው ላይ በሚረግፍበት በዚያ ሁሉ ተከታታይ ውስጥ አንድ ድንኳን የለም። ወንበር የሚያመጣ እድር የለም። ንፍሮ የሚቀቅል ጎረቤት የለም። ሠልስት የለም፤ አርባ የለም። ቀብር ካለም የዋናው ሰው ነው፤ ጥቁር መነጽር፣ ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ አለቀ። የቀሩት ሁሉ ሳይቀበሩ ነው የሚቀሩት። ደሙን መልመዴን አውቀው ነበር። ሳላውቀው የለመድኩት ግን ይሄኛውን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰው ሲሞት አይቶ ማለፍን። ጊዮርጊስ ይፈጭ እንጂ ስም አለው፤ በየወሩ በ23 ይዘከራል። ያን ቀን ለሚስቴ የሰጠኋት ምሳሌ ራሱ በኔው ላይ ሲፈርድ የገባኝ በወሩ ነው።

አማቴ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣባቸው ራሳቸው አልነገሩኝም፤ ሚስቴ ናት የነገረችኝ። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ ቀረ። ያኔ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። የጥይት ዋጋ ከፍሎ ሬሳ የተረከበም አለ፤ እነሱ እሱንም አላገኙም። እናታቸው በራቸውን ዘግተው፣ አንሶላ አፋቸው ውስጥ ወትፈው አለቀሱ። ድንኳን አልተጣለም። ጎረቤት ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ አለፈ። አማቴ እንግዲህ የተገደለ ሰው እያዩ ማን አለቀሰለት ብለው ቢጠይቁ ምን ይገርማል።

በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 2022 መሆኑ ነው፣ የጄፍሪ ዳህመር ታሪክ በኔትፍሊክስ ወጣ። ሚልዋኪ ላይ የተያዘው፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ሰው የገደለው አሜሪካዊ። እኔ አማቴ ሲተኙ በጆሮ ማዳመጫ ነበር የማየው፤ እንደ ሌባ። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ፍርድ ቤት ቆማ ገዳዩ ላይ የምትጮህበት ትዕይንት አለ። ተዋናይዋን አደነቅኳት፤ ምን ዓይነት ችሎታ ነው ብዬ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስቴ ከስልኳ ላይ አንድ ነገር አነበበችልኝ። ያቺ ሴት በእውኑ ዓለም የአንዱ ሟች እህት ናት፤ ወንድሟ ሲገደል የ19 ዓመት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ፍርድ ቤት የተናገረችውን ተዋናይዋ ደገመችው። እህቲቱ ታሪኩን የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን እንኳን እንዳላነጋገሯት፣ እንዳልጠየቋት ተናገረች። የሷን ለቅሶ ነው እኔ ለትወና ነጥብ የሰጠሁት። አማቴ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አሰብኩ፤ አልነገርኳቸውም።

ስልኬም ከቴሌቪዥኑ አይሻልም ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አገር ቤት በነበረው ጦርነት ጊዜ በቴሌግራምና በፌስቡክ ምን ይዘዋወር እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። የራሴን ብቻ ልናገር። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እውነት ነው ወይስ የተቀናበረ?» ነበር። ሁለተኛው «የማን ወገን ነው?» ነበር። ሦስተኛ ጥያቄ አልነበረኝም፤ አውራ ጣቴ ወደሚቀጥለው አሳልፎኛል። ሶፋው ያው ነው፣ አቀማመጤም ያው ነው። ልዩነቱ እዚህኛው ላይ የሚናገሩትን ያለ ጽሑፍ ትርጉም መስማቴ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመለስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አማቴ ሄዱ፤ ሳሎኑ ለኔ ተመለሰ።

አንድ ማለዳ ለጓደኛችን መርዶ ይነገር ተባለ። አባቱ አዲስ አበባ አርፈዋል። እንደምታውቁት እዚህ አገርም መርዶ በጠዋት ነው፤ ሰው ለሥራ ሳይወጣ ተሰባስቦ ይኬዳል። ከሥራ የምወጣው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ከኔ የተሻለ የተመቸው አልነበረም። እኔ ግን ያስቀረሁት ክፍል ነበረኝ፤ የምዕራፉ መጨረሻ። «ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ስላደርኩ አልቻልኩም፤ ማታ እደርሳለሁ» ብዬ መልእክት ላክሁ። ሚስቴ ሕፃኑን ታቅፋ ሄደች። ስትመለስ ሶፋው ላይ አገኘችኝ፤ ዓይኔ እንዳለቀሰ ሰው ቀልቷል። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ቴሌቪዥኑን አየች፤ እኔን አየች።

«የማታውቀው ሰው ሲሞት አራት ሰዓት ትቀመጣለህ» አለችኝ። «የምታውቀው ሰው አባት ሲሞት ደከመኝ ትላለህ።»

የዚያን ተከታታይ መጨረሻ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ጓደኛዬ ግን መርዶ በተነገረው ቀን በሩን የከፈተላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እኔን ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ ማታ ስሄድም ሶፋውን ለቆ አስቀመጠኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። «ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር» ይባላል?

ደንበኝነቱን የሰረዝኩት በማግሥቱ ነው። የትኛውን ኩባንያ እንደሆነ መጥራት አያስፈልግም፤ ከአንድ በላይ ነበሩ፤ ጥፋቱም የነሱ አልነበረም። ቁልፉን ስነካ ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። እንዲያውም ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ፤ አንዱን «አንተ እስካሁን ያን ነገር ታያለህ?» እስከማለት ደረስኩ። አላወራሁም እንጂ አንድ ነገር ግን ነበር፦ ስትሰርዝ ወዲያው አይዘጋም። የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ ክፍት ነው። የከፈልኩት ገንዘብ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው ብዬ ያን ያህል አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ብዙ ደም ያየሁበት ወር ደም ማየት ያቆምኩበት ወር ነው።

ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ጨዋነቴ ቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ የሷን የይለፍ ቃል እስክትነግረኝ ድረስ ነበር የቆየው። «ለልጆቹ ካርቱን» ብዬ ነው የጠየቅኋት። ልጆቹ ካርቱናቸውን አዩ፤ እነሱ ሲተኙ እኔ ቀጠልኩ። በኖቬምበር 2023 ደግሞ ያንኑ «ስኩዊድ ጌም» በእውነተኛ ሰዎች አጫወቱት። 456 ተወዳዳሪ፣ 4.56 ሚሊዮን ዶላር። የተሸነፈው ሲመታ ደረቱ ላይ ጥቁር ቀለም ይፈነዳል፤ እሱም ወድቆ የሞተ ይመስላል። አንዱ ተወዳዳሪ ሲወድቅ አይቼ፣ ቢያንስ ይሄኛው ቤቱ ይገባል ብዬ ሳቅኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የሳቄን ድምፅ አልወደድኩትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለማንም አልመክርም፤ ጀግንነት የለበትም። መጀመሪያ ቀጣዩ ክፍል ራሱ እንዳይጀምር የሚያደርገውን ማስተካከያ ፈልጌ አጠፋሁት። አሁን አንዱ ሲያልቅ ስክሪኑ ይቆማል፤ ለመቀጠል እጄን ማንሣት አለብኝ። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ አላነሣውም። ያን ሁሉ ደም ወድጄው ሳይሆን ለመነሣት ሰንፌ ነው ያየሁት እንዴ እላለሁ፤ ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል። ሁለተኛ የዕድሜ ገደብ አለ፤ ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው። በራሴ ስም ላይ አደረግኩት። አራት አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ራሴ ያወጣሁትን ቁጥር ስለማልረሳው ምንም አልፈየደም። በመጨረሻ ሚስቴን ጠርቼ፣ ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ቁጥሩን እሷ እንድታወጣው ለመንኳት። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የሁለት ልጆች አባት። የራሷ ልደት ይሆናል ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አይደለም። የሠርጋችንም ቀን አይደለም፤ ይህ ደግሞ ሌላ ጠብ ሊያመጣ ስለሚችል አላነሣሁባትም።

የእኅቴን የይለፍ ቃል እንተወው ወይስ እንቀጥልበት የሚለው ነገር አልተቋጨም። ሚስቴ ቅዳሜ ማታ የምታየው አላት፤ ልጆቹ ካርቱናቸው አለ። ጥሩ ፊልም ጭካኔ ካለበት አላይም ብዬም አልማልኩም፤ ያቺን የብይ ክፍል ዛሬም ባያት አለቅሳለሁ። አሁን የያዘኝ ልማድ ሌላ ነው፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሲወድቅ የአማቴ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ፊልሙ ተበላሸ ማለት ነው። ጀግናው ወደ ውስጥ ይገባል፤ እኔ በሩ ላይ እቀራለሁ። እንዲህ እያዩ ምዕራፍ መጨረስ ከባድ ነው።

አማቴ አዲስ አበባ ሆነው በአማርኛ የተቀዳ የቱርክ ተከታታይ ይዘዋል። ባለፈው እሑድ ስንደውልላቸው ሰላምታው ሳያልቅ ወደሱ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ሞተዋል፤ ይኸው እስካሁን ቤተሰቡ ከለቅሶ አልተነሣም፤ ትልቁ ልጅ የውርስ ነገር አነሣ እንጂ ጨዋ ነበር። «እነዚህስ ያለቅሳሉ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተስ ያን ነገር ተውከው ልጄ?»

«ትቼዋለሁ፣ እማማ።»

ሚስቴ ከወጥ ቤት ሆና ለእናቷ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ቁጥሩን ስላልነገርኩት ነው!» አለች።